የሕፃናት ሬዚደንቱ ግብ ከየት ይቀዳ?

በሳምባ ምች ታመው አዲስ አበባ ውስጥ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ከተኙ 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። በቫይታሚን ዲ እጥረት የተነሳ የጎድን አጥንታቸው ለስልሶ፣ አየር ለመሳብም ሆነ አክታ ለማውጣት አቅም ያጥራቸው ነበር። የሳምባ ምች ካልያዛቸው 500 እኩዮቻቸው ግን ሪኬትስ የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። ዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና ባልደረቦቻቸው ይህን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት አሳተሙት። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለኝ እያለች ቱሪስት ትጠራ የነበረች አገር፣ ልጆቿን ከብርድና ከሰው ዓይን ለመጠበቅ በጋቢ ጠቅልላ ቤት ውስጥ ስታውላቸው ፀሐይ ነስታቸው ኖሯል።

ጥናቱ ስለ ሐኪሞች ሥልጠና የተጻፈ አይደለም። ቢሆንም የሕፃናት ስፔሻሊስት ለመሆን ገና ሬዚደንሲ የጀመረ ወጣት ምን ይማር ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ሬዚደንቶች ሌሊቱን የሚያነቡት «ኔልሰን» አሜሪካ ውስጥ የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ድንቅ መጽሐፍ ነው፤ መነሻው ግን የአሜሪካ ሕፃን ነው። እነ ዶክተር ሉሉ የተነሱት ፊታቸው ከተኛው ሕፃን ነበር፤ ሳምባውን አዳምጠው ሳያበቁ አጥንቱንም አዩ። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ ይነሳል። የሬዚደንት ሥልጠና ግብ መቀዳት ያለበት ከመጽሐፍ ማውጫ ሳይሆን፣ በዚያ አገር ሕፃናት ከሚታመሙበትና ከሚሞቱበት ምክንያት ነው። መለኪያውም የተቆጠረው ዓመትና የታለፈው ፈተና ብቻ መሆን የለበትም፤ ሐኪሙ ታማሚው አልጋ አጠገብ ማንም ሳያግዘው በትክክል የሚሠራው ሥራ ነው መለካት ያለበት።

ሕፃናት የሚሞቱበት ምክንያት ደግሞ በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ተለውጧል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ በ2011 የመጣው የሳምባ ምች ክትባትና በ2013 የተከተለው የሮታ ቫይረስ ክትባት እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የቀነሱት። ቀድሞ ከአሥር ሟች ሕፃናት ሦስቱ ጨቅላዎች ነበሩ፤ በ2016 ከአሥሩ ከአራት በላይ ሆነዋል። የዘላቂ ልማት ግቦች እ.ኤ.አ. በ2030 የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከ1,000 ወደ 12 እንዲወርድ ይጠይቃሉ።

ይህ ለውጥ ሬዚደንቱን በቀጥታ ይመለከተዋል። በክትባት፣ በኦ.አር.ኤስና በአሞክሲሲሊን ሊድን የሚችለው ሕፃን አሁን አብዛኛውን ጊዜ በቀበሌው ጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያው ይድናል። ሆስፒታል የሚመጣው ከዚያ አቅም በላይ የሆነው ነው፦ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደው፣ ሲወለድ ያላለቀሰው፣ በሦስተኛ ቀኑ ጡት አልይዝ ያለው። ሪፈር ወረቀት ተይዞለት በአምቡላንስ ሲደርስ ደግሞ ሌሊት ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት በሩ ላይ የሚቀበሉት ፕሮፌሰሩ አይደሉም፤ ኢንተርኑና የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንቷ ናቸው።

እነዚህን ጨቅላዎች የሚገድላቸው ምን እንደሆነ መገመት አያስፈልግም። ጥቁር አንበሳን፣ ቅዱስ ጳውሎስን፣ ጋንዲን፣ ጎንደርንና ጅማን ያካተተ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ታትሟል፤ ሉሉ ሙሄ በዚህም አሉበት። ያለ ቀናቸው ተወልደው በእነዚህ ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከሟቾቹ 45 በመቶዎቹ ሳምባቸው ባለመጎልበቱ መተንፈስ ያቃታቸው፣ 30 በመቶዎቹ ኢንፌክሽን የገደላቸው፣ 14 በመቶዎቹ ደግሞ ሲወለዱ የታፈኑ ናቸው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስድስት ወር ግብ ከነዚህ ሦስት ቁጥሮች ሊቀዳ ይችላል። ብርቅዬ ሲንድረሞችን መዘርዘር ይቆይ። ከሁሉ በፊት አዲሷ ሬዚደንት ለመተንፈስ የምትታገል ሕፃን ስታይ ባብል ሲፓፕ አስተካክላ መግጠም ትቻል።

መሣሪያው ሲታይ ውስብስብ አይደለም። ኦክስጅን ያለበት አየር በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይገባል፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ጫፉ አምስት ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ የሳምባውን ከረጢቶች ከፍቶ የሚይዘው ግፊትም አምስት ሳንቲ ሜትር ውኃ ነው ማለት ነው። ውኃው መንቦቅቦቁን ካቆመ የሆነ ቦታ አየር ሾልኳል። ይህን ሁሉ ሬዚደንቷ በሌክቸር ልትሰማው ትችላለች። የአፍንጫውን ቱቦ 1,200 ግራም በምትመዝን ሕፃን ፊት ላይ እንዳይንሸራተት፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ግድግዳም እንዳያቆስል አድርጎ ማሰር ግን የእጅ ሙያ ነው። ልምድ ካላት ነርስ ጎን ቆሞ ደጋግሞ ካልሠሩት አይመጣም። (ነርሶች ለአዲስ ሬዚደንቶች ስንት ነገር እንደሚያስተምሩ በየትኛውም ሰርተፊኬት ላይ ተጽፎ አይገኝም።) ኦክስጅንም ቢሆን ልክ እንደ መድኃኒት መጠን አለው። ከልክ በላይ የተሰጠ ኦክስጅን ቀኑ ሳይደርስ የተወለደን ሕፃን ሬቲና ጎድቶ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ጣቱ ወይም እግሩ ላይ የተገጠመውን የኦክስጅን መለኪያ እያዩ መጨመርና መቀነስ የመጀመሪያው ወር ትምህርት ነው።

ሲወለድ ያላለቀሰው ሕፃን ጉዳይ ደግሞ በደቂቃ ይቆጠራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያስጀመረው ሥልጠና ያችን የመጀመሪያ ደቂቃ ወርቃማ ይላታል፦ ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ መቀስቀስ፣ ካልተነፈሰም ደቂቃዋ ሳታልፍ በአምቡ ባግ አየር መስጠት። ታንዛንያ ውስጥ ይህ ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚሞቱ ጨቅላዎች በ47 በመቶ መቀነሳቸው በ2013 ታትሟል። ውድ መሣሪያ አልተገዛም። ማስተማሪያው አሻንጉሊት፣ ባግና ማስክ ነው። ችግሩ ሙያው ቶሎ የሚረሳ መሆኑ ነው፤ በጥቅምት ሠልጥኖ በሚያዝያ እጁ የሚፈታ ሬዚደንት ሞልቷል። ስለዚህ «ሠልጥኗል» ተብሎ አንድ ጊዜ የሚፈረም ወረቀት በቂ አይሆንም፤ በየወሩ አምስት ደቂቃ አሻንጉሊቱ ላይ መለማመድ ይሻላል።

የመድኃኒት ስሌትም አለ። አዋቂን የሚያክም ሐኪም አንድ ኪኒን፣ አንድ አምፑል ብሎ ማዘዝ ይችላል። የሕፃናት ሐኪም ግን ጠዋት ሦስት ኪሎ፣ ከሰዓት ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ታማሚ ያያል። በሰፊው የሚገኘው የጄንታማይሲን አምፑል በሁለት ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ቢታዘዝለት የሚያስፈልገው 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም 0.4 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ነጥቧ አንድ ቤት ብትንሸራተት ትእዛዙ 150 ሚሊ ግራም ይሆናል፣ ሁለት አምፑል ሊጨርስ ምንም አይቀረው። ያ መጠን የሕፃኑን ጆሮና ኩላሊት ለአደጋ ያጋልጣል። ታዲያ ይህ ሒሳብ ለሃያ ሰዓት ሳይተኛ በቆየ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መሠራት የለበትም። ስሌቱን ጮክ ብሎ ለነርሷ መንገር፣ እሷም ደግማ እንድትሠራው ማድረግ ግብ ሆኖ ሊጻፍ፣ ሊታይ፣ ሊፈረም የሚችል ነገር ነው።

የሥልጠና ሰነድ በየትም አገር ሠልጣኙ ይህን «ያውቃል»፣ ያን «ይገነዘባል» ብሎ መጻፍ ይወዳል። ለጽሑፍ ፈተና ይመቻል፤ ለሌሊት ተረኛ ግን ብዙ አይበጅም። የኔዘርላንዱ የሕክምና ትምህርት ሊቅ ኦሌ ቴን ካቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ነገሩን ከሌላ ወገን አነሱት። አስተማሪው «ይህ ሠልጣኝ ምን ያህል ያውቃል?» ከማለት ይልቅ «ይህን ሥራ ልተውለት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ አሉ። መልሱ አምስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቆሞ ያያል፤ ቀጥሎ ሲኒየሩ አጠገቡ ሆኖ ይሠራል፤ ከዚያ ሲኒየሩ በስልክ ርቀት ላይ ሆኖ ይሠራል፤ ከዚያ ብቻውን፤ በመጨረሻም ሌላውን ያሠራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ቦርድ በዚህ መንገድ ለአጠቃላይ የሕፃናት ሐኪም የሚገቡ 17 ሥራዎችን ለይቶ አውጥቷል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስላል፤ ምክንያቱም እዚህ የሚያስቸግረው ሬዚደንቱ ሥራ ማጣቱ አይደለም። ሥራው ሞልቷል። ጉዳዩ ማን፣ መቼ፣ በምን ደረጃ እንደፈቀደለት አለመታወቁ ነው። በአንደኛ ዓመት የምትገኝ ሬዚደንት የሚንቀጠቀጥ ሕፃን መድኃኒት ብቻዋን ትጀምር፣ ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ ለመቅዳት ግን ሲኒየር ትጥራ፣ ደም ለመለወጥ ደግሞ ለጊዜው ታይ እንጂ አትንካ፤ ይህ ተለይቶ በስሟ ተጽፎ ዋርዱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ነርሷም፣ ኢንተርኑም፣ ራሷም ሬዚደንቷ ድንበሯን ያውቃሉ። ሬዚደንቷ የሠራችው የሚመዘገብበት ሎግቡክ ግን የዋርድ ቆይታዋ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው በጥድፊያ የሚሞላ፣ ፊርማውም ኮሪደር ላይ የሚለቀም ከሆነ ማንንም አይጠብቅም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ ክብደትም አለው። ለሁሉም ሥራ ሲኒየር አጠገብ ይቁም ማለት ሲኒየር ሞልቶ ለተረፈው አገር ነው፤ እኛ የሠለጠንነው ወደ ውኃው ተወርውረን ነው፣ ዋናም ችለናል፣ የሚሉ አንጋፋ ሐኪሞች አሉ። እውነት ነው፣ ችለዋል። ሲማሩ የተከፈለው ዋጋ ግን በእነሱ ላይ አልወደቀም። ለዚያም ነው ደረጃ መለየት የሚያስፈልገው፦ ሲኒየር ጥቂት ከሆነ ያለው ጊዜ በትክክል በሚያስፈልግበት ሥራ ላይ ይዋል፣ በሌላው ሬዚደንቱ ይተውለት። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ሬዚደንቶችም የማሠራት ደረጃ ሲደርሱ አስተማሪ ናቸው።

በአዲስ ሬዚደንት የመጀመሪያ ሳምንት ግብ ውስጥ መግባት ሲገባው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ርክክብ ነው። ተረኛው ሲለወጥ በአፍ የሚነገረው፣ «አልጋ ሰባት ደህና ነው፣ አልጋ ዘጠኝን እያት» የሚባለው። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በዘጠኝ ሆስፒታሎች፣ በሕፃናት ሬዚደንቶች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ይህን ርክክብ ሥርዓት ቢያሲዙት ምን እንደሚሆን ፈትሿል። ታማሚው ምን ያህል እንደጠና፣ ታሪኩ ባጭሩ፣ የቀሩ ሥራዎች፣ ሌሊት ይህ ቢሆን ምን ይደረግ የሚለው በቅደም ተከተል ይነገራል፤ ተረካቢውም የሰማውን በራሱ አባባል ይደግማል። በ10,740 የታማሚ ገቢዎች ላይ ታይቶ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ፣ መከላከል ይቻል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ ቀንሷል። ርክክቡም ከበፊቱ አልረዘመም። ለዚህ የሚሆን ኦክስጅን፣ የሚሆን ላቦራቶሪ፣ የሚሆን ዶላር ጠፋ ሊባል አይችልም።

እንቅልፍስ? ቀን ሠርቶ፣ አድሮ፣ በማግስቱም ራውንድ የሚዞር ሬዚደንት ለኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በፅኑ ሕሙማን ክፍል ረጅሙን የተለመደ ተረኛነት የሚሠሩ ኢንተርኖች፣ ሰዓታቸው ከተቀነሰላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስህተት እንደሚሠሩ አሳይቷል። ሰዓት መቀነስ ብቻውን ይበቃል ብሎ መደምደም ግን ያሳስታል። ከዚሁ ተመራማሪ ቡድን የወጣ፣ ስድስት የሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍሎችን የተመለከተ እ.ኤ.አ. የ2020 ጥናት ተቃራኒ የሚመስል ውጤት አገኘ፤ የ24 ሰዓት ተረኛነት ሲቀር ስህተቱ ጨመረ። ምክንያቱ ሲፈተሽ ሰዓቱ ሲቀነስ ሰው አልተጨመረም፤ አንድ ሬዚደንት የሚይዘው ታማሚ ቁጥር ከ6.7 ወደ 8.8 ከፍ ብሎ ነበር። ስለዚህ ሬዚደንቱ ቤቱ ሄዶ ይተኛ ከማለት ጋር እሱ የተወውን አልጋ ማን ይይዘዋል የሚለው አብሮ ይመለስ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎችን ሥራ እስከማቆም ያደረሳቸው የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቤት ኪራዩን እያሰበ ስሌት የሚሠራ ሐኪም ግብ ስለተጻፈለት ብቻ አይሻሻልም።

ከግቦቹ ሁሉ ለማስተማር የሚከብደው የተማሩትን መተው ነው። ሕፃን በሾክ ሲመጣ፣ እጅ እግሩ ሲቀዘቅዝ፣ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ለብዙ ዓመታት የማያጠራጥር ትምህርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ 3,141 ትኩሳት ያላቸውና የደም ዝውውራቸው የተዛባ ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ሲታተም ግን ብዙዎች ደነገጡ። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ በዝግታ ከተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ በተቅማጥ የደረቁትንና በከባድ ምግብ እጥረት የተጎዱትን አያካትትም፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው፣ ምክንያቱም በተቅማጥ ለደረቀው ሕፃን ፈሳሹን ማዘግየት ገዳይ ነው። አዲስ ሬዚደንት የትኛው ሕፃን የትኛው እንደሆነ ለመለየት መጽሐፉን በቃሉ ማነብነብ አይረዳውም። ጥናት ማንበብ፣ ማን ተካተተ ማን ተተወ ብሎ መጠየቅ፣ ሲኒየሩ የተለየ ነገር ሲያዝም በአክብሮት «ይህ ለምን ሆነ?» ማለት መቻል አለበት። ይህ የመጨረሻው በኢትዮጵያ የሕክምና ባህል ቀላል ነገር አይደለም። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ሬዚደንቱን በጥያቄ ማፋጠጥ የተለመደ ነው፤ ሬዚደንቱ የሚጠይቅበት ጠዋት ያንሳል።

በሦስተኛው ዓመት ግቡ ከአንድ ሕፃን አልፎ ወደ ሆስፒታሉ በር ይሸጋገር። ማላዊ ብላንታየር በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ከተኙ ሕፃናት ከ10 እስከ 18 በመቶው ይሞቱ ነበር። ዶክተር ኤልሳቤጥ ሞሊኖና ባልደረቦቻቸው የተመላላሽና የድንገተኛ ሕፃናትን አቀባበል እንደ አዲስ አደራጁት። ሰልፉ ውስጥ እየተዘዋወረ የጠናበትን የሚለይ ሰው አቆሙ፤ ሠራተኞቹን አሠለጠኑ፤ ድንገተኛ ሕክምናውን ከሰልፉ አስቀደሙ። ሞቱ ከ6 እስከ 8 በመቶ ወረደ። አዲስ መድኃኒት የተገኘበት ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ መንገድ ያዘጋጀው የድንገተኛ ልየታ ሥልጠና በኢትዮጵያም ይሰጣል። ሊመረቅ የተቃረበ ሬዚደንት ግን ሥልጠናውን መውሰዱ ብቻ ሳይሆን በአንድ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሕፃናት ሰልፍ እንዴት እንደሚሄድ አይቶ አንድ ነገር መለወጡ ቢታይ፣ ለመመረቂያ ከሚሠራው ጥናት እኩል ክብደት ቢሰጠው ያስኬዳል። ነገ ዞን ሆስፒታል ሲመደብ ብቸኛው የሕፃናት ስፔሻሊስት እሱ ሊሆን ይችላል፤ ጠቅላላ ሐኪሞቹን፣ የጤና መኮንኖቹንና ነርሶቹን የሚያሠለጥነውም እሱ ነው።

እናትስ? ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ አዲስ አበባ ውስጥ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ከእናታቸው ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ተጣብቀው የቆዩ ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ጨቅላዎች ላይ የደረሰው ሞት 22.5 በመቶ ሲሆን በተለመደው መንገድ ከተያዙት ግን 38 በመቶው ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሰፊ ጥናትም ይህ አያያዝ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ሲጀመር ሞት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አገኘ። ይህ ሕክምና እናቲቱ ክፍሉ ውስጥ ካልገባች አይሠራም። ወንበር፣ አልጋ፣ ምግብ ያስፈልጋታል፤ በር ላይ «አስታማሚ ውጪ!» የሚላት ዘበኛ አያስፈልጋትም። ሬዚደንቷ ይህን ለመለወጥ ከማን ጋር መነጋገር እንዳለባት ማወቋ የክሊኒክ ሙያ ነው።

ከእናት ጋር መነጋገርም እንዲሁ። ሬዚደንት ከትውልድ ቦታው ርቆ ይመደባል፤ ጅማ ላይ አፋን ኦሮሞ፣ ሐዋሳ ላይ ሲዳምኛ የምትናገር እናት ያገኛል። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ነው። ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ ለመጠየቅ ይበቃ ይሆናል፤ ልጅሽ አልፏል ለማለት ግን አይሆንም። አገሩ መርዶ የሚነገርበት ወግ አለው፦ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ተመርጦ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ ተጠንቅቆ። ሆስፒታል ውስጥ ግን እናትየው ቆማ፣ በሰው መሃል፣ ስሟን እንኳ ከማያውቅ ተረኛ ትሰማለች። ይህ በፈተና ወረቀት ላይ አይመጣም። ሲኒየሩ ሲያረዳ ሬዚደንቱ ቆሞ ይይ፤ ቀጥሎ ሲኒየሩ አጠገቡ ሆኖ እሱ ይናገር፤ ከላይ የተነገሩት ደረጃዎች እዚህም ይሠራሉ።

ግብን ከሌላ አገር እንዳለ መገልበጥ ለምን እንደማያዋጣ ራሷ አሜሪካ ታሳያለች። እዚያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሕፃናት ሬዚደንሲ መመሪያ የተመላላሽ ሕክምናንና የአእምሮ ጤናን ድርሻ ከፍ አድርጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪም ቢሮ ይዘው የሚመጡት ችግር እየተለወጠ ነው። አንዳንድ የአገሩ ሐኪሞች በፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚቆዩበት ጊዜ ይሳሳል ብለው ተቃውመዋል፤ ክርክሩ የእነሱ ነው። ከእነሱ መወሰድ ያለበት ግቡን በሕፃናቱ መሠረት የመከለስ ልማዳቸው ነው። ጎንደር፣ ሐሮማያ ወይም መቀሌ ያለ ዲፓርትመንትም በየዓመቱ የሞት መዝገቡን ገልጦ የሚቀጥለውን ዓመት የሬዚደንቶች ግብ ከዚያ ማስተካከል ይችላል። የአእምሮ ጤናም ቢሆን፣ በተለይ ከጦርነት በኋላ፣ ከዝርዝሩ ሊወጣ አይገባም።

ለመጀመር ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። አሻንጉሊት፣ ባግና ማስክ፣ የመድኃኒት ስሌት ወረቀት፣ የርክክብ ቅጽ ይበቃል። የሚወደደው የሲኒየሩ ጊዜ ነው፤ እሱም ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ ያለበት፣ የማስተማር ሸክሙ ሲሰላ በሌክቸር ሰዓት ብቻ የሚቆጠርለት ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ዩኒቨርሲቲዎች አሰላሉን ይለውጡ። በተረኞች ዝርዝር ላይ ከሬዚደንቷ ስም ጎን የሲኒየሩ ስምና ስልክ ይጻፍ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተደውሎለት መጥቶ ያሳያት ሥራ እንደ ሌክቸሩ ይመዝገብለት፣ ይከፈለውም።